ያልሄድኩበት ጉናጋዶ

ጡረታ የወጣ ሰው ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት ሥራ ባይኖረውም እግሩ አርፎ አይቀመጥለትም። የኔ እግር ከሁለት ወር ወዲህ የለመደው ከድሮው የጋሪ መቆሚያ ጀርባ ያለችውን ሻይ ቤት ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የላስቲክ ወንበሮች፣ በግመል ወተት የተፈላ ሻይ። ሻዩ ለስኳር በሽተኛ የተከለከለ መሆኑን ሐኪሜም እኔም እናውቃለን። ባለቤቷ ሞላ ያለች፣ ቃል የማታበዛ ሴት ናት። ብርጭቆውን አስቀምጣ ትሄዳለች እንጂ እንደ ሌሎቹ ሻይ ቤቶች የጤናዬን፣ የልጆቼንና የጡረታዬን ነገር አትመረምርም። ይህ ጠባይዋ ተስማምቶኝ ነበር። ባለፈው ማክሰኞም እንደ ልማዴ ጥጌን ይዤ፣ ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ መጻፍ ስጀምር እስክሪብቶዬ ወረቀቱን በስቶ ገባ።

ወረቀቱን አነሳሁና ጠረጴዛውን አየሁት። ሁለት ወር ሙሉ ክርኔን አስደግፌበት አንድ ቀን አላየሁትም ነበር። በጥቃቅን የስፒል ቀዳዳ ተወቅሯል። ጠርዙ ላይ፣ በጣውላው ስንጥቅ ውስጥ፣ የአረንጓዴ ጨርቅ ቁራጭ ተወሽቋል። በስተቀኝ ጥግ ደግሞ ተጣሞና ተደፍጥጦ የቀረ አንድ ሚስማር አለ። ያንን ሚስማር የመታሁት እኔ ነኝ። በግራ እጄ መዶሻ ይዤ፣ ዲናችን ከኋላዬ ቆሞ ኧረ ለአናጺ እንስጠው እያለኝ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። የኮሌጃችን የማስታወቂያ ሰሌዳ አራት እግር አውጥቶ ሻይ ቤት ገብቷል።

ነገሩ የገረመኝ ያን ዕለት እጽፍ የነበረው ስለዚሁ ሰሌዳ ስለሆነ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወጣት፣ የድሮ ተማሪዬ ልጅ፣ ቤቴ ድረስ መጥቶ ንግግር እንዳደርግ ለምኖኝ ነበር። አገሩ ሁሉ ለውጥ ለውጥ በሚልበት በዚህ ሰሞን፣ አለኝ፣ ተማሪው በመምህሩ፣ ወላጁ በውጤቱ፣ ቀጣሪው በዲግሪው እምነት አጥቷል። እርስዎ ደግሞ የጠፋ እምነት ሲመለስ በዓይንዎ ያዩ ሰው ነዎት፤ ያን የሰሌዳውን ታሪክ ለወጣት መምህራን ይንገሩልን። እምቢ አላልኩም። እውነቱን ለመናገር ሳይለምነኝም እነግረው ነበር። የሰሌዳውን ታሪክ በየስብሰባው፣ በየምርቃቱ፣ በየሰርጉ ስናገር ኖሬያለሁ፤ ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ "ደግሞ ሰሌዳውን ሊጀምር ነው" ብላ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። ያን ጠዋት ግን ሰሌዳው ራሱ ፊቴ ተቀምጦ ሻይ ሲፈስበት ሳየው አንድ መስመር መጻፍ አቃተኝ። ሁለተኛ ሻይ አዘዝኩ። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ።

ወደ ጅግጅጋ የመጣሁት ደርግ ወድቆ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው። የወሎ ልጅ ነኝ፤ ሒሳብ አስተማሪ። ከሐረር የሚነሳው አውቶቡስ ባቢሌ ሲቆም በጋዜጣ የተጠቀለለ ለውዝ ገዝቼ፣ ጅግጅጋ እስክደርስ ልጣጩን ካልሲዬ ውስጥ ሳራግፍ እንደነበር አስታውሳለሁ። ከካራማራ ቁልቁል ስንወርድ ሜዳውና ነፋሱ አንድ ላይ ተቀበሉኝ። ያኔ ባጃጅ የሚባል ነገር የለም። ከተማው የጋሪ ነበር፤ ፈረሱ አንገት ላይ ቃጭል፣ ባለጋሪው ራስ ላይ ጥምጥም። ሻይ ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር። ከወደብ የገባ ሰልባጅ ኮት በአሥራ አምስት ብር ገዝቼ፣ የውስጥ ኪሱ ላይ የማላውቀው ሰው ስም ተጠልፎ ስላገኘሁ ለሦስት ዓመት በዚያ ሰው ስም ስለብስ ኖሬያለሁ። ሴቶቹ ድርዕ የሚባለውን ስስና ሰፊ ቀሚስ ለብሰው ሲያልፉ ነፋሱ እንደ ሸራ ይነፋው ነበር። ካሴት ቤቶቹ በር ላይ ዑድ በሚባለው የክር መሣሪያ የታጀበ የሶማሊኛ ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይንቆረቆራል፤ ቃሉን ሳላውቅ ዜማውን እያንጎራጎርኩ ክፍል እገባ ነበር። ሩዝ ላይ ሙዝ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ አስተናጋጁ የተሳሳተ መስሎኝ መለስኩለት። ዛሬ ሩዝ ያለ ሙዝ አይወርድልኝም።

ኮሌጁ ያኔ ለከተማዋ ትልቁ ትምህርት ቤት ነበር። ስሙም ግቢውም ዛሬ የለም። አራት ረጃጅም ቤት፣ አንድ የስቴንስል ማባዣ፣ አንድ የውሃ ታንከር። ያልነበረን ነገር ቢኖር እምነት ነው። ከተማው ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ብዙ ነገር አይቷል፤ ተከፍቶ የተዘጋ ትምህርት ቤት፣ መጥቶ ሳይሰናበት የሄደ መምህር፣ ማን እንደሰጠው የማይታወቅ ዲፕሎማ። ውጤት የሚወሰነው ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ጫት ቤት ነው ይባል ነበር። እኛ ደግሞ፣ ከየክፍለ ሀገሩ ተመድበን የመጣነው፣ ሻንጣችንን ሳንፈታ የተቀመጥን ሰዎች ነበርን። እነሱ አያምኑንም፤ እኛም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ አናምናቸውም። በተለይ ሴት ልጅ ለማስመዝገብ የሚመጣ አባት አጥሩን ሁለቴ ዞሮ ነው በሩን የሚያንኳኳው። ዲናችን አቶ ሙክታር የሐረር ሰው ነበር፤ ጥንቁቅ፣ ሸሚዙን አንገቱ ድረስ የሚቆልፍ። ሴቶቹን ለማምጣት መንደር ለመንደር ዞሮ ሽማግሌ ለምኗል። በሁለተኛው ዓመት አሥራ አንድ ሴቶች ሲገቡልን ሠርግ እንዳለበት ቤት ነበር ያደረገው።

ከአሥራ አንዱ ሁለቱ ሁዳ ሐሰን ይባላሉ። አንዷ ሁዳ ሐሰን ፋራህ፣ የቀብሪበያ ልጅ፣ ቁመቷ መለሎ፣ ሁልጊዜ የኋላ ወንበር፣ ቃል ከአፏ የማይወጣ። ተማሪዎቹ ሁዳ ዴር፣ ረጅሟ ሁዳ ይሏታል። ሁለተኛዋ ሁዳ ሐሰን ዋርሳሜ፣ የጉናጋዶ ልጅ፣ ደቃቃ፣ የፊት ወንበር፣ ጥያቄው ሳያልቅ እጇን የምታወጣ። እሷ ደግሞ ሁዳ ያር፣ ትንሿ ሁዳ። እዚህ አገር ሰው በአያቱና በቅጽል ስሙ ነው የሚለየው፤ ግማሹ ከተማ መሐመድ፣ ግማሹ አብዲ በሆነበት አገር ሌላ መላ የለውም። ለኔም ሳይቆዩ ቅጽል አወጡልኝ፤ በግራ እጄ ስለምጽፍ ጉሬ አሉኝ፣ ግራኝ ማለት ነው። ከወሎ የመጣ ክርስቲያን ጅግጅጋ ገብቶ ግራኝ ተባለ ብለው ጓደኞቼ ስንት ጊዜ ሳቁብኝ። ቅጽሉን ወድጄው ነበር። ግን ከቅጽሉ የሚገኘውን ትምህርት አልተማርኩም። የፈተና ወረቀቱን ሽፋን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ አገሬ እንደለመድኩት ለስም አንድ መስመር፣ ለአባት ስም አንድ መስመር። ለአያት ቦታ የለውም። ኮሌጁ ያኔ ለተማሪ የመታወቂያ ቁጥር አይሰጥም ነበር።

እንዲህ ሆኖ በዓመቱ መጨረሻ ሁለት ወረቀት ከፊቴ ተቀመጠ። ሁለቱም ሁዳ ሐሰን ይላሉ። አንዱ ሰማንያ አንድ፣ ሌላው ሠላሳ አንድ። ጠርቼ መጠየቅ እችል ነበር፤ ግቢው ውስጥ ናቸው። አልጠራሁም። ሰማንያ አንዱ እጇን የምታወጣው የትንሿ እንደሆነ ልቤ ነገረኝ፤ ሠላሳ አንዱ የዝምተኛዋ። ብዕሬን አንስቼ ሞላሁት። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ውጤቱ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ፤ ረጅሟ ሁዳ ወደቀች፣ ተሰናበተች። በማግስቱ ቢሮዬ በር ላይ ቆማ "መዓሊን፣ ወረቀቴን ማየት እችላለሁ?" አለችኝ፤ መዓሊን መምህር ማለት ነው። ደንቡ አይፈቅድም አልኳት። እውነትም አይፈቅድም ነበር፤ ያኔ የታረመ ወረቀት ለተማሪ አይሰጥም። ትንሽ ቆማ ሄደች። ያቺ ትንሽ ቆይታ እስከ ዛሬ በር ላይ ሰው ቆሞ ባየሁ ቁጥር ትመጣብኛለች።

ስህተቱን ያወቅሁት ከአምስት ወር በኋላ ነው። ትንሿ ሁዳ የሁለተኛ ዓመት የመጀመሪያ ፈተናዋን ሃያ ዘጠኝ አመጣች። ታማ ይሆናል አልኩ። እንዲህ የምትሠሪ ልጅ እንዴት እንዲህ ትሆኛለሽ ብዬ ላሳያት የአምናውን ወረቀት ከአልጋዬ ሥር ካለው እስር አወጣሁ። ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የአምናው ጽሕፈት ጥቃቅንና ቀጥ ያለ፣ ሰባቱ ሁሉ ወገቡ ላይ ሰረዝ ያለበት። የዘንድሮው ሰፋፊ፣ ወደ ጎን የሚወድቅ። ሠላሳ አንዱን ፈልጌ አወጣሁት፤ እሱም ወደ ጎን የሚወድቅ። አቶ ሙክታር ዘንድ ሄጄ ስነግረው መጀመሪያ ተነስቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ሸሚዙን ሲቆልፍና ሲፈታ ቆየ። አንድ ወረቀት ተሳስተናል ካልን ሁሉም ተሳስቷል ይላሉ፣ አለኝ፤ ሴቶቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይወጣሉ፣ የለፋንበት ሁሉ ውሃ በላው። ማህተም ያለው ደብዳቤ እንጻፍና በጸጥታ ትመለስ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። የፈራው ነገር እኔም የምፈራው ነው። ደብዳቤውን ይዤ በማግስቱ ቀብሪበያ ሄድኩ።

ቀብሪበያ በሚኒባስ ሩቅ አይደለም። አቧራው ጥርሴ ላይ ሲንኮሻኮሽ የሶማሊያ ስደተኞች መጠለያ የላስቲክ ጣሪያዎች ከሩቅ ሲያብረቀርቁ ታዩኝ። አባትየው ሐሰን ፋራህ የከብት ደላላ ነው፤ ገበያ መሃል አገኘሁት። ከአንድ ነጋዴ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እጃቸው ላይ ፎጣ ጥለው፣ አፋቸው ሳይንቀሳቀስ በጣት ዋጋ ይነጋገራሉ። እዚያ ገበያ ዋጋው ይሸፈናል፤ የእንስሳው ነገር ግን አይሸፈንም። የማይታወቅ ሰው ግመል ይዞ ቢመጣ የእገሌ ልጅ ነው፣ ግመሉም የራሱ ነው የሚል ዋስ ካልቆመለት ማንም አይገዛውም። ያቺን ገበያ የሚያንቀሳቅሳት የዋሱ ቃል ነው። ፎጣው እስኪነሳ ጠበቅኩና ደብዳቤውን ሰጠሁት፤ ስለ ስህተቱም በጆሮው ነገርኩት። አልጮኸም። ልጅቱን አስጠራት። መጠለያው ውስጥ ሕፃናት ታስተምር ነበርና ጠመኔ የነካ እጇን እያራገፈች መጣች። ወረቀቴን አምጥተዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከኮቴ ኪስ አውጥቼ ሰጠኋት። እዚያው ገበያ መሃል ቆማ ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ አንድ ቦታ ላይ "ይሄን ተሳስቻለሁ" አለች፣ ለራሷ።

አባትየው ደብዳቤውን መለሰልኝ። በአማርኛ እርስዎ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የሚለው። "መዓሊን፣ እኔ ፍየል አሻሽጬ እግሯ ስብራት እንዳለው በኋላ ባውቅ፣ ገዢው ቤት ሄጄ በጆሮው አልነግረውም። በሸጥኩበት ገበያ፣ በሸጥኩበት ሰዓት ቆሜ እናገራለሁ። ልጄ የወደቀችው የት ነው?"

"ሰሌዳው ላይ" አልኩት።

"እዚያ ንገረው። ከዚያ ትመጣለች።"

አቶ ሙክታር ይህን ሲሰማ ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን ሥራችንን ካጣንም አብረን እናጣለን ብሎ ፈቀደ። ውጤት የምንለጥፈው ሐሙስ አራት ሰዓት ነበርና ሐሙስ አራት ሰዓት ሰሌዳው ስር ቆምኩ። ተማሪው ሁሉ አለ። ሐሰን ፋራህ ሦስት ሽማግሌ ይዞ ከፊት ቆሟል፤ ልጅቱ ከጎኑ። ሁለቱን ወረቀት ሰሌዳው ላይ ወጋኋቸው። ሰማንያ አንዱ የሁዳ ሐሰን ፋራህ ነው አልኩ። ወደ እሷ ዞሬ ስህተቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ አልኩ። ሠላሳ አንዱ የሁዳ ሐሰን ዋርሳሜ ነው አልኩ። ከዚያ የምናገረው አለቀብኝ። ሐሰን ፋራህ መጥቶ እጄን ጨበጠኝና ለሽማግሌዎቹ በሶማሊኛ አንድ ነገር አላቸው፤ በኋላ ሲተረጎምልኝ ይህ ሰው ዋስ ይሆናል ማለቱ ነው። እንዲህ ያለ ሹመት ከማንም አግኝቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ስናገር የኖርኩት። ዲናችን እንደፈራው አልሆነም። እርግጥ በማግስቱ ቢሮዬ በር ላይ ሰልፍ ሆነ፤ ሁሉም ወረቀቴን አሳየኝ አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደገና አረምኩ። ጥቂት ስህተት ተገኘ፣ ተስተካከለ፤ አብዛኛው ልክ ነበር፣ ልክ መሆኑንም በዓይናቸው አዩ። ከዚያ ወዲህ የታረመ ወረቀት ለባለቤቱ እንዲመለስ ሆነ። የሽፋኑ ወረቀት ሦስት ስም፣ ከታች ደግሞ ቅጽል እንዲኖረው ተደረገ፤ የአዲስ አበባ ሰዎች ይህ ደግሞ ምንድን ነው ብለው ሲስቁ ጉሬ ብዬ ፈረምኩላቸው። በሚቀጥለው ዓመት ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች ተመዘገቡ፤ አባቶቻቸው አጥሩን መዞር ትተው በቀጥታ በበሩ ገቡ። ረጅሟ ሁዳ ተመርቃ ወጣች፤ ዛሬ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናት፣ በየዒዱ ትደውልልኛለች። ከተማውም አስፋልት አገኘ፣ ጋሪው ለባጃጅ ቦታ ለቀቀ፣ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፣ ፎቅ በቀለ። እኔም ሻንጣዬን ፈትቼ እዚሁ ወለድኩ፣ እዚሁ አረጀሁ።

ትንሿ ሁዳስ? አንዳንዴ ስናገር አንድ ተንኮለኛ አድማጭ ይህን ይጠይቀኝ ነበር። ውጤቷ ስላልበቃ ተሰናበተች እል ነበር፤ ደንቡ ነው። ያን ሐሙስ ከኒም ዛፉ ሥር ቆማ እንደነበር፣ ዞር ስል እንዳላየኋት፣ ፍራሿን እንኳ ሳትወስድ እንደሄደች አልጨምርም። ተማሪዎቹ መሃል ሌባ የሚል ቃል ሲንሾካሾክ ሰምቼ እንደነበርም አልጨምርም። ያልፋል አልኩ። ጉናጋዶ ሩቅ ነው፣ ከደገሃቡር ማዶ፤ መንገዱ ያኔ ሰላም አልነበረም፤ ፈተና ነበረብኝ፣ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሰበብ ሞልቶኝ ነበር።

እንግዲህ ማክሰኞ ዕለት ይህን ሁሉ በሆዴ ይዤ፣ ያን ጠማማ ሚስማር እየነካካሁ ስቁነጠነጥ ባለሻዩዋ ሁለተኛውን ብርጭቆ ይዛ መጣች። ይህን ጠረጴዛ ከየት አመጣሽው አልኳት። አሮጌ ንብረት በጨረታ ሲሸጥ ገዛሁት አለች። ለምን ይህንኑ አልኳት፤ አንድ ትልቅ ነገር የምትነግረኝ መስሎኝ።

"እንጨቱ ጥሩ ነው። ምን መሰለዎት፣ መዓሊን ጉሬ?"

ጉሬ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኑ። ያን ስም የሚያውቁት የዚያን ዘመን ልጆች ብቻ ናቸው። ፊቷን ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየሁት። ደቃቃዋ ልጅ ሞልታለች፣ ዓይኗ ስር ቆዳዋ ተሸብሽቧል፤ ብርጭቆውን የያዘችበት እጇ ግን ጥያቄ ሳያልቅ የሚወጣው ያው እጅ ነው። ሁዳ ያር አልኩ። አንገቷን ነቀነቀች። ስሜ የተለጠፈው አሁን ብርጭቆዎ ያለበት ጋ ነበር አለችኝ። ብርጭቆውን አነሳሁት፤ የማስቀምጥበት አጣሁ። ሁለት ወር ሻይ ስታቀርቢልኝ ታውቂኝ ነበር አልኳት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አለች። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ስላት፣ ይጠይቁኛል ብዬ አለችኝ።

ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ነገረችኝ። ቁጣ አልነበራትም፤ ቢኖራት ይሻለኝ ነበር። ሰማንያ አንድ ሲለጠፍላት ራሷም ገርሟት ነበር፤ ግን መምህሩ የሰጠኝን እኔ ምን አውቃለሁ ብላ አላህን አመሰገነች። ከዚያ ሐሙስ በኋላ ጉናጋዶ የደረሰው ወሬ መምህሩ ተሳሳተ የሚል አልነበረም፤ የሐሰን ዋርሳሜ ልጅ የሰው ውጤት ሰርቃ ተባረረች የሚል ነበር። አባቷ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቃት፤ አልሰረቅሁም አለችው፤ አመናት። ገበያው ግን አላመነውም። ሐሰን ዋርሳሜ እስከዚያ ቀን የማይታወቅ ሰው ግመል ይዞ ሲመጣ ዋስ እንዲሆን የሚጠራ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠራውም። አልሰደቡትም፣ አላገለሉትም፤ ሰላም ይሉታል፣ ሻይ ይጋብዙታል። ዋስ ሲፈለግ ግን እሱን አልፈው ሌላ ሰው ይጠራሉ። እስከ ዛሬ።

"ስህተቱ የኔ ነው ያሉት ወደ እሷ ዞረው ነው" አለችኝ። "ቀብሪበያ ሄዱ። ጉናጋዶ ግን አልመጡም።"

ስንት ዓመት በየአዳራሹ የተጨበጨበልኝ ነገር ግማሽ ሥራ እንደነበር፣ ያ እምነት የተሠራው በዚህች ልጅና በአባቷ ስም ላይ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ፤ አፈርኩ። ንግግሬ የተጻፈበትን ወረቀት አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። አባትሽ በሕይወት አለ ወይ አልኳት። አለ አለች፤ ዓይኑ ደክሟል እንጂ ገበያ ቀን አይቀርም፣ መስጊዱ ግድግዳ ሥር ይቀመጣል። ገበያው መቼ እንደሚውል ጠየቅኳት። ሐሙስ አለችኝ። አብረሽኝ ትሄጃለሽ ብላት አልሄድም አለች፤ እኔ ተናግሬ ነበር፣ አልተሰማሁም። ይልቅ የምለውን በሶማሊኛ አስተማረችኝ፤ የኔ ሶማሊኛ ከሽንኩርትና ከኪራይ አያልፍም። ገበዱ ማይ ሐዲን፣ አኒጋ ቀልደሜይ። ልጅቱ አልሰረቀችም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። በሁለተኛው "ሐ"ው ከጉሮሮ ይውጣ አለችኝ፣ እንደ መምህር። በሦስተኛው ፈገግ ያለች መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

ማታውን ለዚያ ወጣት ደውዬ ንግግሩን እንደማላደርግ ነገርኩት። አመመዎት እንዴ አለኝ። አላመመኝም፣ ታሪኩ አላለቀም አልኩት። ልጄ ስትሰማ በዚህ ዕድሜህ፣ በዚህ ጉልበትህ፣ በዚህ ሰሞን፣ ብላ ጮኸችብኝ፤ ደብዳቤ ጻፍላቸው አለች። ደብዳቤ ይዤ አንድ ጊዜ ሄጄ ነበር፣ ተመልሶልኛል፣ አልኳት። እንቅልፍ የሚባል ነገር አልወሰደኝም። በሆዴ ያቺን ዓረፍተ ነገር ስደጋግም ነጋ። ሰዎቹ ቢስቁብኝስ? ሽማግሌው ሊሰማኝ ባይፈልግስ? ሃያ ዓመት ዘግይቶ የሚመጣ ዋስ ማን ይቀበለዋል? የሚያረጋጋኝ መልስ አላገኘሁም፤ ያም ሆኖ ጫማዬን አሰርኩ።

ረቡዕ ጠዋት መናኸሪያ ገባሁ። የደገሃቡሩ መኪና ሊሞላ ጥቂት ሰው ቀርቶታል። ተሳፋሪ የሚመዘግበው ሰው ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ወዴት ነዎት አለኝ። ጉናጋዶ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከኔ ዕድሜ ጋር አላስማማውም መሰለኝ። ስም አለኝ። አሰፋ ይማም አልኩት፤ ጻፈ። መሸሻ ብዬ አያቴን ስጨምርለት ብዕሩን አንስቶ "ሁለቱ ይበቃል፣ አባባ" አለኝ።

"አይበቃም" አልኩት። "ሦስቱንም ጻፍ።"